ሲነሳብኝ ይታወቀኛል

ለቅሶ ቤት ብዙ ይወራል። ሰው አብዛኛውን እዚያው ትቶት ይወጣል። እኔን ግን አንድ ንግግር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ድንኳኑ ሙቀቱን አምቆ ይዞታል። ውሃ የሚያድሉት ልጆች ራሳቸው ላብ በላብ ሆነዋል። ሟቹ ገና የ52 ዓመት ሰው ነበር። ማታ ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው፣ ተነስቶ ቤቱ ገባ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ። ሌሊት ላይ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። በዙሪያዬ የተቀመጡት ሰዎች በየተራ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «ደህና ነበር እኮ! ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም።»

ይሄኔ አክስቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየመለሰች፣ «እኔስ ደግነቱ ሲነሳብኝ ይታወቀኛል» አለች፤ ደም ብዛቷን ማለቷ ነው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ እነሱም ይታወቃቸዋል።

አክስቴ ከዚራ ነው የምትኖረው። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤቱም ትልልቅ ዛፎቹም ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ደም ብዛት እንዳለባት ከተነገራት ቆይቷል። መድኃኒትም ታዞላታል። ግን የምትወስደው «ሲነሳባት» ነው። ራሷን ሲወቅራት፣ ጆሮዋ ሲጮህ፣ ማጅራቷን ሲይዛት አንድ ፍሬ ትውጣለች። ሲተዋት ትተዋለች። የአንድ ወር መድኃኒት ሦስት ወር ያቆያታል፤ ይህንንም እንደ ቁጠባ ነው የምታየው። ነጭ ሽንኩርቱና ሎሚው በጎን አለ።

ለቅሶው ላይ የሰማሁት ሁለት ነገር እርስ በርሱ ይጋጭብኝ ጀመር። ሟቹ ምንም አልታወቀውም ነበር። ሐዘን የተቀመጡት ሁሉ ግን ይታወቃቸዋል። ምልክት የሚሰጠው ለተረፉት ብቻ ነው እንዴ?

ሙሸበክ ያስያዘ ውርርድ

ልጇ ከጅቡቲ ክንድ ላይ የሚጠመጠም የግፊት መለኪያ ልኮላታል። ከካርቶኑ ሳይወጣ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። በየቀኑ እንለካ ስላት «ሳያመኝ ምን ያስለካኛል? አቦ፣ አታሟርትብኝ» ብላ መለሰችኝ። ሙግት እንደማያዋጣኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ውርርድ አመጣሁ። «ይታወቀኛል አይደል የምትይው? መጀመሪያ ትገምቻለሽ፣ ከዚያ እንለካለን። ከተጠጋሽ ሙሸበክ እገዛልሻለሁ።» ስለ ጤና ብሎ በስኳር በተነከረ ጥብስ መወራረድ ትክክል አይደለም፤ ግን ከዚህ ሌላ የሚያነሳሳት አላገኘሁም።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ግቢዋ ካለው ኒም ሥር ጠረጴዛ አወጣን። አንድ የልጅ ደብተር አዘጋጀች። በግራ በኩል የሷ ግምት፣ በቀኝ በኩል ማሽኑ ያለው። ግምቱን የምትጽፈው ራሷ ናት፤ እኔን አላመነችም። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ራሷን አዳመጠችና፣ «ዛሬ ቀሎኛል። መቶ ሠላሳ በሰማንያ» አለች።

ማሽኑ 168 በ97 አለ።

«ይሄን ነገር የጅቡቲ ሙቀት መትቶታል» አለች። ጥቂት ቆይተን ደገምነው። 165 በ96። ዝም አለች። የድሬ ሴት ዝም ስትል ነገሩ ከባድ ነው።

ሌላ ቀን ስደርስ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አገኘኋት። ሎሚ ቆርጣ ግንባሯ ላይ አድርጋለች። «ዛሬስ አትድከም፣ ሁለት መቶ ገብቷል» አለችኝ። ለካን። 142 በ86። ከፍ ብሏል ይባላል፣ ግን ቀሎኛል ካለችበት ቀን በጣም ይሻላል። «ታዲያ ጭንቅላቴን ምን ሆኜ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ቡና ጠጥታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከሰል አልቆባት ከማለዳ ጀምሮ አልጠጣችም።

እንዲህ እያልን ገጹ ሞላ። አንድ ጠዋት መለካቱን ትታ ደብተሩን ብቻ ይዛ ተቀመጠች። ጣቷን በግራው ዓምድ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወረደች፣ ከዚያ በቀኙ ዓምድ ተመለሰች። ደህና ነኝ ብላ የጻፈችበት ቀን ከፍ ይላል። ሞቼ ነበር ያለችበት ቀን አንዳንዴ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም በአጋጣሚ ይገጥማል። ደብተሩን ዘጋችና፣ «ታዲያ እስካሁን ይነግረኝ የነበረው ማነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ከብዙ የጤና ምክር በላይ ሠራብኝ። አንዲት ሴት ለዓመታት ስታምነው የኖረችውን የገዛ አካሏን ድምፅ በደብተር መዝግባ ስታመሳክር ማየት ቀላል አይደለም። ያልኩት ልክ ሆነ ብዬ አልተደሰትኩም። እንዲያውም ትንሽ አዘንኩላት።

ሰው አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። የአክስቴ እምነት የከዚራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ እነ ሃዋርድ ሌቨንታል የግፊት ታማሚዎችን ጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ «ሰው ግፊቱ ከፍ ማለቱን ሊያውቅ አይችልም» በሚለው ይስማማሉ። ሐኪም ነግሯቸዋል። ግን ሕክምና ላይ ከቆዩት ውስጥ አብዛኞቹ «እኔ ግን ይታወቀኛል» ብለው ያምናሉ። ይህን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሌላው ሰው ላይ የማይሠራ ነገር እኔ ላይ ይሠራል! ለቅሶ ቤት ያሉት ሴቶች እኮ ያሉት ይህንኑ ነው።

የራስ ምታቱ ነገር ደግሞ ከጠበቅኩት በተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። በ2002 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ከ22,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። የላይኛው፣ ማለትም የመጀመሪያው፣ ቁጥራቸው 150 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ማይግሬን ባልሆነው ተራ ራስ ምታት የመያዝ ዕድላቸው፣ ግፊታቸው ዝቅ ካለው ሰዎች በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግፊት ራስ ምታትን ያስታግሳል ለማለት አይደለም። ራስ ምታት የግፊት ደወል ነው ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች 44 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም ይላል። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል እርግጠኛ እንሆናለን? እኔ የመሰለኝ እንዲህ ነው። ራሳችንን ሲያመን ፋርማሲ ገብተን እንለካለን። ሕመሙና ጭንቀቱ ራሱ ቁጥሩን ትንሽ ይገፋዋል። ከፍ ብሎ ስናገኘው «አላልኩም!» እንላለን። ደህና በሆንበት ቀን ግን ማን ይለካል? የሳትንበትን ቀን ስለማንቆጥር ሁሌም አዋቂዎች ነን። የአክስቴ ደብተር ያደረገው ደህናውንም ቀን መቁጠር ብቻ ነው።

«ሲነሳብኝ» እየተባለ የሚዋጠው መድኃኒትም ሥራውን እንዲህ አይሠራም። አገራችን ውስጥ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱን፣ አምሎዲፒንን፣ እንውሰድ። በየቀኑ ተወስዶ ደም ውስጥ መጠኑ እስኪረጋጋ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። አንድ ፍሬ ውጦ ከሰዓት በኋላ «ለቀቀኝ» ማለት የመድኃኒቱ ሥራ አይደለም። ምናልባት የቡናው ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ግፊት ዝም ይላል ማለት ምልክት ሲመጣ ይናቅ ማለት አይደለም። ፊት አንድ ጎኑ ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር፣ ደረት ሲጨንቅ፣ ዓይን ድንገት ሲጋረድ ማሽን ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ምንም ሳይሰማ በሚለካበት በደህናው ጠዋት ነው።

አምስት ደቂቃ ዝም ማለት

ማሽኑም ቢሆን በዘፈቀደ አይታመንም። የሰፈራችን ፋርማሲ ስትለኩ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከፀሐይ ገብታችሁ፣ ገና እያለከለካችሁ፣ ክንዳችሁ ተንጠልጥሎ፣ ባለፋርማሲው ስለ ቤተሰብ እየጠየቃችሁ እናንተም እየመለሳችሁ። ከዚያ የሚወጣው ቁጥር የማነው?

በ2024 ከአሜሪካዋ ባልቲሞር የወጣ ጥናት በ133 ሰዎች ላይ የክንድን አቀማመጥ ብቻ እየቀያየረ ለካ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ አርፎ ከተለካው ጋር ሲነጻጸር፣ ጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ3.9 ከፍ አለ። ክንዱ በጎን ተንጠልጥሎ ሲለካ ደግሞ በ6.5። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት የሚጠመጠመውን ጨርቅ ስፋት አየ። በጣም ሰፊ ጨርቅ የሚያስፈልገው ወፍራም ክንድ በመደበኛው ሲለካ ቁጥሩ በ20 ገደማ ያለአግባብ ይጨምራል። ሃያ ማለት እኮ ጤነኛውን ታማሚ አድርጎ ወደ ቤቱ መላክ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ከመለካት በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና የለም፣ ሲጋራ የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ መቀመጥ። አምስት ደቂቃ ማረፍ። ሲለካ አለማውራት። የደቂቃ ፋታ ሰጥቶ መድገም። ሁሉንም ተወጥተነዋል፣ ከአንዱ በስተቀር። አክስቴ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት አትችልም።

ግቢዋ መንገድ ዳር ነው። በአጥሩ ማዶ የሚያልፍ ሁሉ «ወሪያ! እንዴት አደርሽ?» ይላል። እሷም ካልመለሰች ተጣልታ ነው ይባላል። አንዴ ጨርቁ ክንዷ ላይ እየተነፋ ሳለ አትክልት ከምታመጣላት ሴት ጋር በኦሮምኛ ስለ ቲማቲም ዋጋ ተከራከረች። ማሽኑ ያን ቀን ያወጣውን ቁጥር ደብተሩ ላይ አልጻፍነውም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ወደ ጓሮ አዞርነው። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ከቀን ቀን ያን ያህል መዝለል ተወ። ደብተሩን ይዛ ሐኪም ጋ ሄደች። ሐኪሙም ከቃሏ ይልቅ ደብተሩን አነበበ። አሁን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ትውጣለች። ቁጥሩም ከሳምንታት በኋላ ወደ መቶ ሠላሳዎቹ ወርዷል። መገመቱን ግን አልተወችም።

ጨው፣ ሆጃ፣ በርጫ

ስለ ጨው ብዙ አልልም፤ የማያውቀው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የዓለም አማካይ ግን 10.8 ግራም ነው። እኛ ዘንድ ሽሮውም፣ ሳምቡሳውም፣ ሆጃውም ጨው አለበት። የሐረርጌ ሰው ሆጃ ያለ ጨው ስጠው ሌላ ነገር ነው የጠጣሁት ይልሃል። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚል ሕዝብ ጨው ቀንስ ሲባል እንዴት ቅር አይለው።

በ2021 ከቻይና የወጣ ጥናት ግን ቀልቤን ወሰደው። በ600 መንደሮች 21,000 ገደማ ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ መንደሮች ከሩቡ ላይ ሶዲየም ወጥቶ በፖታሲየም የተተካበት ጨው ተሰጣቸው። ጣዕሙ ጨው ነው። አምስት ዓመት ሊሞላ በተጠጋ ጊዜ ውስጥ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ። ሰዎቹ ጨው ተው አልተባሉም፤ ጨዋቸው ነው የተቀየረው። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው፣ ወይም ፖታሲየም የሚያከማች መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

የሚከብደው የበርጫው ወሬ ነው። ድሬ ላይ ስለ ጤና ጽፎ ጫትን መዝለል ውሸት ነው፤ ሰው ላይ ጣት መቀሰርም የኔ ነገር አይደለም። እኔም ያደግኩት በዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ይጨምራል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ይከስማል፤ የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው። በ2002 ከየመን የወጣ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች አይቶ ነበር። ቃሚዎቹ ላይ ሕመሙ የሚነሳበት ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ አዘንብሎ ተገኘ። በሌላው ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ምሳ በልቶ ከመቀመጡ በፊት ፈቅዶልኝ ለካሁት። 126 በ80። ምርቃናው ሲገባ ደገምኩት። 148 በ93፣ ልቡም ትሮጣለች። «ግን እንደዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም» አለኝ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ተለክቶ ጥናት አይባልም። ግን ያለውን ልብ በሉት፤ ቁጥሩ ሲወጣ እሱ ደህና ነው። ሐኪም እንኳ የሚለው ሌላ ነገር አለ፤ የጫቱ ጣጣ ጫቱ ብቻ አይደለም። ሲጋራው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ እስከ ማታ መቀመጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በዚያ መሃል የምትረሳዋ ፍሬ መድኃኒት አለች። በአንድ ጊዜ መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ ከእነዚህ አንዱን መቀነስ ይችላል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ስል የሚቆጡኝ ሐኪሞች ይኖራሉ፤ ይቆጡ።

የኔ ቁጥር

አክስቴን ስለካ እኔም መለካቴ አልቀረም። የኔ አማካይ 132 በ83 ሆኖ ቁጭ አለ። ምንም አይታወቀኝም፣ እሱማ ነገሩ ነው። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሚዛን 140 በ90 እስካልደረሰ ድረስ ግፊት የለብኝም። አሜሪካኖቹ ግን በ2017 መስመሩን ወደ 130 በ80 ስላወረዱት እዚያ ብሄድ ታማሚ ነኝ። አውሮፓውያኑ ደግሞ በ2024 መሃል ላይ ላለነው «ከፍ ያለ ግፊት» የሚል አዲስ ክፍል አወጡልን። ከድሬ ሳልነሳ ሦስት ዓይነት ሰው ሆንኩ።

መስመሩ እንዲሁ አይደለም የወረደው። ከ9,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ስፕሪንት የተባለ የአሜሪካ ጥናት በ2015 ታትሟል። የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት፣ ከ140 በታች ይበቃል ከተባሉት ያነሰ የልብ ሕመም ደረሰባቸው፣ ያነሱትም ሞቱ። ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ። የተመረጡት ግን የልብ ሕመም ሥጋታቸው ከፍ ያለ፣ የላይኛው ቁጥራቸውም 130 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ናቸው። አጥብቀው በታከሙት ላይ ግፊት ከመጠን በላይ መውረድና ራስን መሳትም በዝቷል። ስለዚህ ለኔ ዓይነቱ ሰው ወዲያው መድኃኒት ይሰጥ የሚለው ላይ እጄን አላወጣም።

ያማከርኩት ሐኪምም አልቸኮለም። ጨው ቀንስ፣ ተራመድ፣ ሦስት ወር እንይ አለኝ። ስንት እርምጃ ብዬ ጠየቅኩት፤ ስልኬ በየቀኑ 10,000 እያለ ይነተርከኛል። እሱ ቁጥር በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ እንጂ ከላቦራቶሪ የወጣ አይደለም። በ2025 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ደግሞ በቀን 7,000 የሚራመዱ ሰዎች 2,000 ከሚራመዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ47 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጤነኛ ሰው ብዙ ስለሚራመድም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም 7,000 ይቻለኛል። ከሳቢያን ተነስቼ እስከ ባቡር ጣቢያው ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ነው፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አታስኬድም። ሦስት ወሩ ሲሞላ የጠዋትና የማታ ልኬቱን ይዤ እሄዳለሁ። አማካዩ ከ130 ካልወረደ ስለ መድኃኒት እንነጋገር ተባብለናል።